በሰባ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ

ለተከበራችሁ የደሴ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ። ታላቁ ሸንጎ የካቲት 3 ቀን 2084 ዓ.ም. ባካሄደው መደበኛ ጉባኤ፣ በከተማችን ተጠብሶ ለሽያጭ የሚቀርብ ሳምቡሳ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ብቻ፣ እንዲኖረው፤ አራተኛ ማዕዘን ይዞ የተገኘ ማናቸውም ጥብስ ሳምቡሳ ተብሎ እንዳይጠራ፤ ድንጋጌው ለጾሙም ለፍስኩም እኩል እንዲሠራ፣ ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ በሰባ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ወስኗል።

አዋጁ ከመብራት ምሰሶዎቹ ተነግሮ ሳያበቃ ቢተው አስፋቸው ፒያሳ ደረሰ። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ከሩቅ አየችውና፣ ለእርስዎስ ስንት ማዕዘን ላድርግልዎ ጋሽ ቢተው አለችው። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። ቢተውም ሳቀ። ያ አንድ ተቃውሞ የእሱ ነው። ስለ ሳምቡሳ ማዕዘን በሃምሳ ዓመት ዕድሜው አንድ ቀን አስቦ አያውቅም፤ ቢያስብም ሦስት ማዕዘን ይበቃዋል። የተቃወመው ሥራው ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሸንጎ ለማቋቋም ስትነሣ፣ አጥኚ ቡድን ተሰይሞ የዓለምን ፍርድ ቤቶች አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ከርሞ በመጨረሻ የጥንት አይሁድን ታላቅ ሸንጎ፣ ሳንሄድሪንን ወደደ። ሃይማኖቱንም ፍርዱንም በአንድ እጅ የያዘ፣ ሰባ አንድ ሊቃውንት የሚቀመጡበት፣ ኢየሩሳሌም ላይ በተጠረበ ድንጋይ አዳራሽ ይሰየም የነበረ ጉባኤ ነው። ቡድኑ የወደደውን ሁሉ ወሰደ። ቁጥሩን ወሰደ። እርስ በርስ እንዲተያዩ እንደ ግማሽ አውድማ ዞረው መቀመጣቸውን ወሰደ። ትንሹ ታላላቆቹን አፍሮ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ቀድሞ ይናገር የሚለውንም፣ የጥፋተኝነት ፍርድ ሳያድር አይነገር የሚለውንም ወሰደ። ከዚያ ደግሞ፣ ማን ልብ ብሎ እንዳነበባት እስከ ዛሬ ባይታወቅም፣ ይህችን ወሰደ፦ ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ ያለው ተከሳሽ በነጻ ይለቀቃል።

ሊቃውንቱ የሚሉትን ያውቁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለተከሳሹ አንዲት በጎ ነገር የፈለገ አንድ እንኳ ከታጣ፣ የተሰበሰበው ዳኛ ሳይሆን መንጋ ነው። አንቀጿ በነጭ እብነ በረድ ተቀርጻ ከአዳራሹ በር በላይ ተሰቀለች። ቄሱም ሼኹም ባረኳት። ተጨበጨበ።

ሰባ አንድ ሊቅ ግን ደሴ ላይ አልተገኘም፤ የተገኙትም እርስ በርስ አልተስማሙም። ስለዚህ ሰባ አንድ ወንበር ተገዛ። በቀደመው ዘመን ዳኛው ወንበር ይባል ነበር፤ አሁን ወንበሩ ዳኛ ሆነ። ይሰማሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይናገራሉ። የሚቀመጥባቸው የለም። ሰባ አንዱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የጠጡ ስለሆኑ አንዱ ያለውን ሌላው ይለዋል። በመጀመሪያው ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት ተከሳሽ ፊታቸው ቀረበ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ ተባሉና፣ በሕጉ መሠረት፣ እየተመሰገኑ ወደየቤታቸው ሄዱ። በዚያ ዓመት ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ በሩ ያልተሰረቀ ቤት አልነበረም።

እብነ በረዱ እንዳይወርድ ተባርኳል። እንዳይደለዝ እብነ በረድ ነው። ኮሚቴው ሦስት ወር ተቀምጦ መላ አገኘ። ሰባ አንደኛው ወንበር ተነቅሎ ወጣና በምትኩ ተራ የእንጨት ወንበር ገባ፤ በማግሥቱም በየግድግዳው ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ታየ። የሥራ መደብ፦ ተቃዋሚ። ብዛት፦ አንድ። የትምህርት ደረጃ፦ ማንበብና መጻፍ የሚችል። ልምድ፦ አያስፈልግም። አመለካከት፦ የሌለው ይመረጣል።

ቢተው ያኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። መዝገብ ቤቱ ራሱን መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ፋይል እያቀና ሲውል፣ ማንም ያላስነሣውን አቧራ ሲያራግፍ ቆይቶ በመጨረሻ በቃህ ተብሏል። አመልክቶ ተቀጠረ። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፈጀ። አሠልጣኙ ሦስት ነገር አስተማረው። አንደኛ፣ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ “አልስማማም”። ሁለተኛ፣ ምክንያት አይሰጥም፤ ምክንያት የወንበሮቹ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱን አስልቶ ድምፅ የሰጠ አባል ይህንኑ በገዛ አንደበቱ ካመነ ድምፁ ይሰረዛል፤ በምትኩ ከድምፅ ማኅደሩ የቀድሞ ድምፁ ተመዝዞ ይገባል። ቢተው ይህን ሦስተኛውን ሲሰማ፣ እኔ ምን ብዬ አሰላለሁ ብሎ ፈረመ።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ዓመት ዓመትን እየወለደ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። በሩ ስሙን ጠርቶ እንደምን አደሩ ይለዋል። ካባውን ይደርባል፣ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣል፣ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። ትንሹ ይጀምር በሚለው ሥርዓት መሠረት ከወንበሮቹ መጨረሻ የተመረተው ይጀምራል፤ ሰው ከሁሉም የቆየ ሞዴል ስለሆነ መጨረሻ ይናገራል። ሰባው ሰባ ጊዜ ጥፋተኛ ነው ይላሉ። ቢተው ስልሳ ስምንተኛው ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሰባኛው እንደጨረሰ አልስማማም ይላል፣ ፍርዱም ሕጋዊ ይሆናል። በቀን እስከ አርባ ጊዜ። ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተቃዋሚ ተብሎ ተሸልሟል፤ ለውድድሩ የቀረበው እሱ ብቻ ነበር።

ቅጣቱ አንድ ነው፤ መፋቅ። የተፋቀ ሰው አይታሰርም፣ አይገረፍም። በር አያየውም እንጂ። አውቶቡስ አይቆምለትም፣ የውሃ ቦኖ አይከፈትለትም፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ቢወድቅ ደጃፉ ላይ የወደቀ የለም። ከተማው ውስጥ እየሄደ ከተማው ውስጥ የለም።

ከዚህ ሁሉ ቢተውን እንቅልፍ የሚነሣው ምስጋናው ነበር። ልጃቸው የተፋቀባቸው እናቶች ከአዳራሹ ሲወጡ እሱን ፈልገው ያገኙታል። ሰባው ሲፈርድብን አንተ ብቻህን ቆምክልን፣ ቀኝህ ይባረክ ይሉታል። ትከሻውን ይስማሉ። አንዲት እናት፣ እማማ ዘይነባ የሚባሉ የሐይቅ ሴት፣ ልጃቸው ከተፋቀ ወዲህ በየዓመቱ በረመዳን ቴምር ይዘውለት ይመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ፣ እማማ፣ ያቺ አልስማማም ባትኖር ኖሮ ልጅዎ ዛሬ ቤቱ ነበር አላላቸውም። ቴምሩን ተቀብሏል። በልቷል። ቁልፉን የሚያዞረው እጅ የሚሳመው በዚህ ከተማ ብቻ ነው፤ እጁን ለመሳም የሚዘረጋም እንደዚያው።

የመጋቢት አጋማሽ ማክሰኞ ጠዋት የዕለቱን ዝርዝር ሲያይ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ዓይኑ ቀረ። ፀሐይነሽ ዳምጠው፣ ዕድሜ 66፣ የሌላ ሰው ማንነት ይዞ መኖር።

ቲቸር ፀሐይ ፊደል ያስቆጠረችው ናት። እሱን ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩን ግማሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ ከወጣች በኋላ ኩላሊቷ ከዳትና በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት እጥበት ላይ ትውላለች። አንድ ሳምንት ካመለጣት ፊቷ ያብጣል። ሁለት ሳምንት ካመለጣት የሚቀጥለውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። የተፋቀ ሰው ደግሞ የሐኪም ቤት በር አይከፈትለትም።

ወንጀሉ ይህ ነው። ቀበሌው ስሟን በፀሐዩ ፀ ጽፎታል። ሐኪም ቤቱ በጸሎቱ ጸ ጽፎታል። አሮጌዎቹ መዝገቦች በአዲሱ መዝገብ ሲጠቃለሉ ከአንድ ቤት፣ በአንድ መልክ፣ ሁለት ሴት ወጣች፤ አንዷ የምትኖር፣ አንዷ የምትታከም። የምትኖረው ታክማ አታውቅም፤ የምትታከመው መኖሪያ የላትም። ስለዚህ አንዷ ሌላዋን አጥፍታ በስሟ ትታከማለች ማለት ነው።

ቲቸር ፀሐይ በእህቷ ልጅ በትንግርት ተደግፋ ገባችና መሐል ቆመች። ወንበር ሰባ ጠየቃት።

“ተከሳሽ፣ አንቺ ፀሐይነሽ ነሽ ወይስ ጸሐይነሽ?”

“ሁለቱም ነኝ።”

“ተከሳሽ ሁለት ሰው መሆኗን አምናለች፤ ይመዝገብ። ጸሐይነሽን የት አደረስሻት?”

ቲቸር ፀሐይ ወንበሩን እንደ ሰነፍ ተማሪ አየችው። “አየህ ልጄ፣ በጥንት በግዕዙ ጊዜ ይለያዩ ይሆናል። በአማርኛ ግን ፊደሉ ሁለት፣ ድምፁ አንድ ነው። የአንተን ብጤ ስንቱን አስረድቻለሁ።”

“የተለያዩ ናቸው።”

“እስቲ ለያይተህ ጥራቸው።”

“ጸ” አለ ወንበሩ። “ፀ” አለ።

“አሁን የትኛውን ነው ያስቀደምከው?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንበር ሰባ አራት ሰከንድ ዝም አለ። በሸንጎው ታሪክ እንዲህ ያለ ዝምታ ተመዝግቦ አያውቅም። ከዚያ ተከሳሽ ጥያቄ መጠየቅ አይፈቀድላትም አለ፣ ነገሩን ለነገ አሳደረው። ትንግርት ሳቁን አይታ ተስፋ አደረገች። ቢተው ግን ወንበሮቹን ያውቃቸዋል። ሳቅ አይመዘንም።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትንግርት ቤቱ መጣች። እንድትቀመጥ ለመናት፤ አልተቀመጠችም። እርስዎ አሉላት ብላ ነው አክስቴ የተኛችው አለችው። ሌላው ሁሉ ቢከዳት ያስተማረችው ልጅ እንደማይከዳት ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። “ብቻ ነገ እንደ ሁልጊዜው ይቁሙላት ጋሼ። ሌላ ምንም አንልም።”

ቢተው ወደ በሩ አየ። እንደ ሁልጊዜው ከቆመላት አለቀላት። ይህን ለትንግርት ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግን ከበሩ መቃን ላይ የሰማውን ለሸንጎው የሚያደርሰው የቤቱ ጆሮ የምስር ፍሬ በምታህል አረንጓዴ መብራት ይሰማል። ሳይሰማ ቢቀር እንኳ፣ ትንግርት ነገ አዳራሽ ውስጥ በሳቅ ፋንታ በለቅሶ መቀመጥ አለባት፤ አውቃ ከመጣች ፊቷ ያሳብቃል። ስለዚህ አይዞሽ አላት። እሷም እጁን ሳመች። ይሄኛውን መሳም ግን አልቻለውም፣ እጁን ነጠቃት። ቅር ብሏት ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ግማሹ የቲቸር ፀሐይ ተማሪ ነው፤ የሸበተም አለበት። ተከሳሿ መቀመጫ ተሰጣት፣ እግሯ አብጧል። ከወንበሮቹ መጨረሻ የተመረተው ጀመረ። ጥፋተኛ ናት። ጥፋተኛ ናት። ሰባው በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ዜማ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ቢተው ስልሳ ስምንተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከልማድ ነው። ቲቸር ፀሐይ ፊቷን ወደ እሱ አዞረችና ልጁ ጥያቄውን እንደሚያውቀው እርግጠኛ እንደሆነች አስተማሪ ራሷን ነቀነቀች።

“እስማማለሁ” አለ ቢተው።

ቃሉን በዚህ አዳራሽ ተናግሮት ስለማያውቅ ሻክሮ ወጣ። ወንበር አንድ፣ ድምፁ አልተሰማም፣ ይደገም አለ።

“እስማማለሁ። ጥፋተኛ ናት።”

መጀመሪያ የተሰማው የትንግርት ድምፅ ነው። ጮሃ ሳይሆን ዝግ ብላ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዳ ተናገረችው። “አንተን ብሎ ሰው። ፊደል ያስቆጠረችህን ሴት። እነዚህስ እንጨትና ብረት ናቸው፤ አንተ ምንድን ነህ?” ከኋላ ሰዎች ተነሡ። አንድ ሽበታም ካፖርቱን አውልቆ ወደ ፊት መጣ፤ ለመማታት ይሁን ሞቆት አልታወቀም። አንዲት ሴት ምራቋን ተፋች። ቢተው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሠራው ሥራ ልክ ሲሰደብ ያ የመጀመሪያው ነው፤ የተሰደበበት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወንበር አንድ ውሳኔውን አነበበ። አንዳችም ሳያመነታ፣ ዘይት እንደጠጣ በር፣ እንዲህ አለ፦ ተከሳሽ ፀሐይነሽ ዳምጠው፣ እንዲሁም ጸሐይነሽ ዳምጠው፣ በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ ሆነው ተገኝተዋል። በመሆኑም ሁለቱም በነጻ ተሰናብተዋል። ድምፅ ካልተሰረዘ በቀር በነጻ የተሰናበተ አይመለስም።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እብነ በረዱን ቀና ብሎ ያነበበ ሰው አልነበረም። የከተማው ሰው በሥሩ ሲመላለስ ኖሯል። በሩ ግን አነበበ፤ በሰፊው ተከፈተና ቲቸር ፀሐይን በስሟ ጠርቶ በደህና ይሂዱ አላት። በፀሐዩ ይሁን በጸሎቱ አልለየም።

የሸንጎው አስተባባሪ አቶ ሲራክ፣ ሠላሳ አምስት የማይሞላው ትሑት ሰው፣ ቢተውን ክንዱን ይዞ ወደ ቢሮው አስገባው። ውሃ አስቀረበለት። አልተቆጣም። ቅጽ ብቻ አወጣ። ጋሼ ቢተው፣ ያለ ምክንያት ድምፅዎን አይለውጡም፣ አንዲት መስመር ብቻ ይሙሉልኝ አለው። ተሳስቼ ነው ቢሉ ይበቃል፤ ስሕተት ይታረማል፣ ማኅደሩ ውስጥ ካለው ከአንዱ አልስማማም ጋር እንተካዋለን። አዝኜላት ነው ቢሉም ይበቃል፤ አስልተዋል ማለት ነው፣ እሱም ይተካል። ከልቤ ጥፋተኛ ናት ብዬ ነው ካሉ ደግሞ ማስረጃውን ይዘርዝሩልኝ፤ ሲዘረዝሩ መታመምዎን እንረዳለን፣ የታመመ ሰው ድምፅም ይተካል። ቅጹ ሦስት ሣጥን ነበረው። ሦስቱም ወደዚያው ወደ ሐኪም ቤቱ የተዘጋ በር ያደርሳሉ።

ቢተው ቅጹን እስከ ታች አነበበውና ሳይሞላው መለሰለት። መመሪያው ከእኔ የሚፈልገው ድምፅ ነው፣ ድምፄን ሰጥቻለሁ አለ። ሲራክ ለመነው። ነገ አርባ መዝገብ አለ፣ ነገስ ምን ልጠብቅ አለው። ቢተው ነገ በሁለት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ ነገረውና ካባውን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ሕዝቡ ገና ከግቢው አልተበተነም። አሁን ገብቷቸው እብነ በረዱን ጣታቸውን ቀስረው የሚያነቡ አሉ፤ ያልገባቸውም አሉ። የገባቸው በተራቸው ተጣሉ። አንዱ አዳናት አለ። ሌላው ምን ሲያድናት፣ ሊያጠፋት ብሎ ሕጉ አዳናት እንጂ አለ። ከኋላው ሲራክ ቅጹን ይዞ ተከትሎት ወጥቷል። ከግቢው በር መቃን ላይ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች።

ቲቸር ፀሐይ በሩ አጠገብ በትንግርት ተደግፋ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ትንግርት ዓይኗን ሰበረች። አሮጊቷ ግን አልሰበረችም።

“ነጻ መውጣቴን ሰምቻለሁ” አለችው። “ስለሱ አይደለም የምጠይቅህ። ከሰባው ጋር ሆነህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ ጥፋተኛ ናት ብለሃል። በአፍህ። እንደዚያ ታምናለህ?”

ሲራክ አንድ እርምጃ ቀረበ።

“ተማሪዬ ነህ። ሰው ሌባ ናት ብሎ ይሂድ ግድ የለኝም፤ አንተ ብለኸው ግን ዝም ብዬ አልሄድም። ለምን እንዳልክ ንገረኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች።”

ያቺ አንዲት ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ተናግሯት ቢሆን ቲቸር ፀሐይ ትስቅ ነበር፤ ምናልባት እንደ ድሮው ጆሮውን ትቆነጥጠው ነበር። አርብ ግን እጥበት አላት። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም። ማኅደሩ ውስጥ ያሉት አልስማማሞች አያረጁም።

“አላስረዳም፣ ቲቸር” አለ ቢተው።